ከነጩ ጋውን በፊት

(ለሥራ ልምምድ ወደ ሆስፒታል ለሚሄዱ ተማሪዎች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከዛሬ ሁለት ሳምንት በኋላ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ለሥራ ልምምድ ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ባለፈው ዓመት ሄደን የተመለስነውን የማኅበሩ ኮሚቴ «ያያችሁትን ንገሩን» ብሎ ስለ ጠየቀን ዛሬ በፊታችሁ ቆመናል። መምህሮቻችን በተቀመጡበት ጉባኤ ስለ ሕክምና ለማስተማር የሚያበቃ ዕውቀት የለንም፤ ለዚያም አልመጣንም። የምንናገረው ሠርተን ያየነውን፣ ይልቁንም ተሳስተን የተማርነውን ብቻ ነው። ንግግራችን አንዳንድ ቦታ ላይ የራሳችንን ጉድ የሚያወጣ ነው። ይሁን እንጂ እኛ ያፈርንበት ነገር ለእናንተ መማሪያ ከሆነ ማፈራችን በከንቱ አልቀረም እንላለን።

በመጀመሪያ እኛ እንዴት ተዘጋጅተን እንደ ሄድን እንናገር። ጋውን አሰፋን፤ ማዳመጫ ገሚሳችን ገዛን፣ ገሚሳችን ተበደርን፤ ከመሄዳችን በፊት ባለው ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተሰልፈን ፎቶግራፍ ተነሣን። ዝግጅታችን ይኸው ነበር። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንደኛ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም። ሰኞ ጧት በሁለት ሰዓት ከሆስፒታሉ በር ስንደርስ ዘበኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ «ዶክተሮች፣ ግቡ» አለን። ከአሥራ አራታችን መካከል «ተማሪዎች ነን እንጂ ዶክተሮች አይደለንም» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ደስ ብሎን ገባን። በኋላ የደረሰብን ችግር የጀመረው ከዚያች ዝምታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ስለ ሦስት ቃላት ነው። አንደኛው «ተማሪ ነኝ»፣ ሁለተኛው «አላውቅም»፣ ሦስተኛው «ተሳስቻለሁ» የሚሉት ናቸው። ሦስቱም ሲሰሙ ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን ነጭ ጋውን ለብሶ በሕመምተኛ ፊት ለሚቆም ወጣት እጅግ ከባድ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት አፋችሁን ካላለማመዳችሁበት በችግር ሰዓት አይወጡላችሁም።

፩. «ተማሪ ነኝ»

በሁለተኛው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ክፍል አንዲት አሮጊት እናት ተኝተው ነበር። የምታስታምማቸው ልጃቸው ከእኛ አንዱን በኮሪደሩ አገኘችውና «ዶክተር፣ እናቴ ከሌሊት ጀምሮ ሽንቷ በቱቦው አልወረደም፤ ሆዷንም አሟታል» አለችው። ጓደኛችን «እሺ፣ ይታያል» ብሎ አለፈ። ለማን መንገር እንዳለበት አያውቅም ነበር፤ እጠይቃለሁ እያለም ወደ ሌላ ክፍል ተጠራና ረሳው። ልጅቱ ደግሞ ለሐኪም የነገረች ስለ መሰላት ዳግመኛ ለማንም አልተናገረችም። ከቀኑ በስድስት ሰዓት ሐኪሙ ራውንድ ሲመጣ እኒያ እናት በሥቃይ ላይ ነበሩ። ቱቦው ከጭናቸው ሥር ተጣጥፎ ኖሯል፤ ሲስተሯ ቀና ስታደርገው ወዲያው ወረደ። «ለምን ቀደም ብለሽ አልተናገርሽም?» ተብላ ስትጠየቅ ልጅቱ በጣቷ ወደ ጓደኛችን አመለከተችና «ለዶክተሩ ነግሬያለሁ» አለች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከባድ ጉዳት አልደረሰም። ነገር ግን አንዲት እናት ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለ ምክንያት ተሠቃይተዋል። ጓደኛችን ውሸት አልተናገረም፤ ጋውኑ ግን ስለ እርሱ ዋሸለት። «እኅቴ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ ነይ አብረን ለሲስተር እንንገር» ቢል ኖሮ ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

እንግዲህ አልጋ አጠገብ ስትደርሱ በመጀመሪያ ሰላምታ ስጡ። ቀጥላችሁ ስማችሁን፣ ተማሪ መሆናችሁን፣ ማን እንደ ላካችሁና ምን ልታደርጉ እንደ መጣችሁ ተናገሩ። «እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስሜ እገሌ ይባላል፤ ተማሪ ነኝ። ሲስተር ትኩሳትዎን እንድለካ ልካኝ ነበር፤ ይፈቅዱልኛል?» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እምቢ ቢሉ አመስግናችሁ ሂዱ። በተማሪ አልነካም ማለት የሕመምተኛ መብት ነው፤ እምቢ በማለታቸውም ሕክምናቸው ሊጓደል አይገባም። እኛ እንዳየነው ግን በአክብሮት የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ አይከለክልም። እንዲያውም «ተማር ልጄ፣ ነገ ለሌላው ትደርሳለህ» ብለው የሚመርቁ ብዙ ናቸው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ሆዱ ያበጠ አንድ ሰው በገባ ጊዜ በአንድ ጧት ዘጠኝ ተማሪዎች ተራ በተራ ሆዱን ተጭነናል። ዐሥረኛው ሲመጣ ሰውየው ምንም ሳይናገር ብርድ ልብሱን ወደ ፊቱ ሳበ። ያን ጊዜ ነው ያፈርነው። ለእኛ ትምህርት ነው፤ ለእርሱ ግን ያመመው ሆዱ ነው። ሁለት ተማሪ ከነካ የቀረው ከእነዚያ ይጠይቅ፤ መጋረጃ ካለ ይጋረድ፤ ገላ ሲገለጥ የሚመረመረው ክፍል ብቻ ይገለጥ። በዋርድ የሰማነውን በታክሲና በሻይ ቤት አናውራ፤ የሕመምተኛንም ሆነ የካርዱን ፎቶግራፍ በስልካችን አናንሣ። ሰው ለሐኪም የሚናገረው ለጎረቤት የማይነግረውን ነው፤ ይህም አደራ ከሐኪሙ ጋር እኛንም ይይዘናል።

፪. «አላውቅም»

በየጧቱ የሚሰጠን ሥራ ትኩሳት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና አተነፋፈስ መለካት ነበር። በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ጎልማሳ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ የሚተነፍሰውም በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል መሆኑን በክፍል ተምረናል። ይህን ማወቃችን ግን አላዳነንም፤ እንዲያውም አሳሳተን። አተነፋፈስን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆሞ መቁጠር ይሰለቻል። ስለዚህ ከእኛ አንዱ በአንድ ጧት ለስምንት ሕሙማን ተከታትሎ «20፣ 20፣ 20» እያለ ጻፈ። ሲስተሯ ካርዶቹን ስታይ ቆየችና ወደ ስድስተኛው አልጋ ሄደች፤ የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ለጓደኛችን ሰጠችውና «አሁን በፊቴ ቁጠር» አለችው። ቆጠረ፤ 34 ሆነ።

ሲስተሯ አልጮኸችበትም። «ይህ ቁጥር ለዚህ ሰውዬ ምስክር ነው፤ በሐሰት አትመስክርበት» ብላ ሐኪሙን ልትጠራ ሄደች። ሰውየው የሳንባ ምች ጀምሮት ነበር፤ በዚያኑ ቀን መድኃኒት ተጀመረለት። የአተነፋፈስ መፍጠን አንድ ሕመምተኛ እየደከመ መሄዱን ከሌሎች ምልክቶች ቀድሞ ብዙ ጊዜ የሚያሳይ ነው። ከሁሉ ይልቅ በግምት የሚጻፈውም እርሱ ነው። ያልለካችሁትን አትጻፉ። የግፊት መለኪያው ድምፅ ካልተሰማችሁ «አልተሰማኝም፤ እባክሽ አሳዪኝ» በሉ። ባዶ የተተወ መስመር ሌላ ሰው ይሞላዋል፤ በሐሰት የተሞላውን ግን ማንም አይመለስበትም።

በዚህ ላይ ለመምህሮቻችን በአክብሮት የምናሳስበው ነገር አለን። ተማሪ «አላውቅም» ማለትን የሚፈራው ሆስፒታል ሲደርስ አይደለም፤ ፍርሃቱን የሚማረው በክፍል ውስጥ ነው። በክፍል «አላውቅም» ብሎ የተሳቀበት ተማሪ በዋርድ እንደሚያውቅ ሆኖ ይቀርባል። በክፍል የምንስቀው እኛ ተማሪዎች ስለ ሆንን ጥፋቱ የእናንተ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ሳቁን ለማስቆም ከእኛ ይልቅ እናንተ ትችላላችሁ።

፫. «ተሳስቻለሁ»

አሁን የምንነግራችሁን ታሪክ እንድንናገር የፈቀደልን ነገሩ የደረሰበት ጓደኛችን ራሱ ነው። እርሱም ዛሬ በመካከላችን ተቀምጧል።

በአራተኛው ሳምንት ከአንድ ሕመምተኛ ደም ከቀዳ በኋላ መርፌውን መልሶ ሊከድን ሲል አውራ ጣቱን ወጋው። ጓንቱን አወለቀ፤ ደሙን ጠረገ፤ ሌላ ጓንት አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። ለማንም አልተናገረም። ለምን እንዳልተናገረ ስንጠይቀው ሦስት ምክንያት ነግሮናል። አንደኛ፣ ማርክ ይቀነስብኛል ብሎ ፈራ። ሁለተኛ፣ ጓደኞቹ በዶርም እንዳያወሩበት ፈራ። ሦስተኛ፣ ለማን እንደሚነገር አያውቅም ነበር። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ አደረ፤ በሦስተኛው ቀን ለአንዳችን ነገረንና ይዘነው ሮጥን።

ነገሩ የሚያስፈራው በሰዓቱ ምክንያት ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል ከመወጋት በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢቻል በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ይጀመራል፤ 28 ቀንም ይወሰዳል። ጓደኛችን የደረሰው በስድሳኛው ሰዓት ገደማ ነበር። በሐኪም አነጋገር ኤች አይ ቪ ካለበት ሰው በመርፌ መወጋት በሽታውን የማስተላለፍ ዕድሉ ከአንድ ሺህ ሦስት ያህል ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ግን ላልተከተበ ሰው ከመቶ ከ6 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ጓደኛችን አልተከተበም ነበር። ከመካከላችንም የተከተበ አንድም አልነበረም። መድኃኒቱን ጀመረ፤ ለወራት ደሙን እያስመረመረ ቆየ፤ ዛሬ ጤነኛ ነው። የእነዚያን ወራት ጭንቀት ግን እርሱ ያውቀዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ሕሙማንን እንመክራለን፤ ከሁሉ በፊት የደበቅነው ግን እኛው ነን።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን አጥኑ። የተሠራበትን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ፤ በቀጥታ ወደ ስለት መጣያ ሣጥኑ ጣሉት። ሣጥኑ ሦስት አራተኛው ከሞላ ይዘጋ፤ በግድ አትጎስጉሱበት። ከሥራው በኋላ ሣጥኑን የሚያነሣው የጽዳት ሠራተኛ ነውና የእኛ ስንፍና የእርሱን እጅ ይወጋል። መርፌ ቢወጋችሁ ቁስሉን አትጭመቁ፤ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ በዚያው ደቂቃ ለተረኛዋ ሲስተር ንገሩና በመዝገብ ይጻፍ።

ስሕተትን መናገር ለራስ ብቻ የሚጠቅም አይምሰላችሁ። በ1847 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቪዬና ከተማ በነበረው ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የወላዶች ክፍሎች ነበሩ፤ በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። በተማሪዎቹ ክፍል በወላድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች እጅግ ይበዙ ስለ ነበር እናቶች ወደዚያ ላለመግባት ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ምክንያቱን ሲፈልግ ቆየ። በዚያው ዓመት ኮሌችካ የተባለ መምህር ወዳጁ በአስከሬን ምርመራ ላይ በአንድ ተማሪ ቢላዋ እጁን ተወግቶ ሞተ። ሕመሙም የወላዶቹን ሕመም ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ዜመልቫይስ ነገሩ ተገለጠለት፦ ተማሪዎቹና ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው እናቶችን ይመረምሩ ነበር። በግንቦት ወር ሁሉም ክሎሪን ባለበት ውሃ እጁን እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ ከመቶ 18 ያህል የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ዜመልቫይስ የራሱም እጅ ጥፋተኛ እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ጽፏል። ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ ግን የእኛ እጅ ሰው አይገድልም ብለው አልቀበልም አሉት፤ በዚህም እምቢታ ሌሎች እናቶች ሞቱ። የተማሪ እጅ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረን ታሪክ አናውቅም።

ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ለይቶ ያስተምራል፦ ሕመምተኛን ከመንካት በፊት፤ ንጽሕና ከሚጠይቅ ሥራ በፊት፤ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ከነካን በኋላ፤ ሕመምተኛን ከነካን በኋላ፤ አልጋውንና በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካን በኋላ። በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል። ውሃ የሚጠፋበት ቀን ስላለ ትንሽ የአልኮል ጠርሙስ ከኪሳችሁ አይለይ።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከሦስቱ ቃላት ሌላ ስለ ልባችሁም እንንገራችሁ። ቁርስ ሳትበሉ አትሂዱ፤ ደም አይታችሁ ቢያዞራችሁ ወዲያው ተቀመጡ፤ ነውር አይደለም። ከመካከላችን ሁለቱ ወድቀዋል። ሰው ሲሞት ማየታችሁም አይቀርም። እኛ የመጀመሪያውን ባየን ቀን ምሳ አልበላንም፤ እርስ በርሳችንም አልተነጋገርንም። በማግሥቱ አንዲት አረጋዊት ሲስተር ሻይ ጋብዛ ካነጋገረችን በኋላ ነው የቀለለን። ዘመዶቹ በሚያለቅሱበት ኮሪደር ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ እንባ ቢመጣባችሁ አትፈሩት።

ሲስተሮችን፣ የላቦራቶሪና የመድኃኒት ክፍል ሠራተኞችን፣ የጽዳት ሠራተኞችንም አክብሩ። በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አብሮ ያሠለጥን፣ በቡድንም ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች አብረው ተምረው አብረው መሥራታቸው ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ለክቡራን መምህሮቻችን አራት ጥያቄ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይሰጠን። ክትባቱ ሦስት ጊዜ፣ ይኸውም ዛሬ ተጀምሮ ከአንድ ወርና ከስድስት ወር በኋላ የሚሰጥ ስለ ሆነ በመሄጃው ሳምንት ቢጀመር ጊዜው አይበቃም። ለዘንድሮ ተጓዦች ዘግይቷል፤ ቢሆንም የመጀመሪያው መርፌ በዚህ ሳምንት ይሰጣቸው።

ሁለተኛ፤ ከመሄዳችን በፊት ሦስት ቀን ለዝግጅት ይመደብልን። እጅ መታጠብን፣ መለካትን፣ መርፌ መጣልንና ሕመምተኛን ማነጋገርን እርስ በርሳችን እንለማመድ።

ሦስተኛ፤ ለየቡድኑ አንድ ኃላፊ መምህር ወይም ሲስተር በስም ይታወቅልን። ስልኩም በየባጃችን ጀርባ ይጻፍ።

አራተኛ፤ ስሕተቱን በጊዜው የተናገረ ተማሪ በመናገሩ ምክንያት ማርክ አይቀነስበት። መቀጣት የሚገባው የደበቀው ነው። ጥፋት ያለ ተጠያቂነት ይታለፍ ማለታችን አይደለም፤ እውነት መናገር ከመደበቅ የበለጠ ዋጋ እንዳያስከፍል ነው የምንለምነው።

ይህን ስንጠይቅ እኛም በበኩላችን ቃል እንገባለን። የዘንድሮ ተጓዦች በየሳምንቱ ዓርብ ማታ በማኅበሩ ክፍል ይመጣሉ፤ እኛም እንመጣለን። በዚያ የተወጋ፣ የረሳ፣ ያለቀሰ ሁሉ ይናገራል፤ የሚስቅበት አይኖርም፤ የተሰማውም የሕመምተኛን ስም ሳይነካ በዚያው ይቀራል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ጧት ዘበኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ «ዶክተሮች፣ ግቡ» ማለቱ አይቀርም። ቆም ብላችሁ «አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ እኛ ገና ተማሪዎች ነን» በሉት። ከዚያ ግቡ።

መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላችሁ።